ስለ ውርስና ስለ መሻር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በኮምፒዩተር ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



ከእኛ አስቀድመው የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ጆሮ በሚያስደስት አነጋገር አስረድተዋል፤ የእኛ ርእስ ግን እንደዚያ የሚጥም አይደለም። የምንናገረው ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ነው፤ ይኸውም አንድ ክላስ ከወላጁ ክላስ የወረሰውን ሜተድ ስለ መሻሩ ነው። ይህን ስንል ከወላጆቻችን መካከል «ነገሩ ከእኛ በላይ ነው» ብሎ ለመሄድ የሚነሣ ሊኖር ይችላልና ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ይህን ትምህርት በሚገባ ያስተማሩን አንድ አባት ናቸውና፤ እሳቸውም ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም።

ዐምና በጥር ወር የክበባችን አባሎች ሰባት ሆነን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ፕሮግራም ጻፍን። ሥራው ቀላል ነው፤ ማን የትኛውን መጽሐፍ በየትኛው ቀን እንደ ተዋሰ ይመዘግባል፤ መጽሐፉ ሲመለስም ስንት ቀን እንደ ቈየ ይቈጥራል። ደንቡ 15 ቀን ነው። ከዚያ ጥቂት ያሳለፈ ተማሪ ይመከራል፤ ከ20 ቀን በላይ ያሳለፈ ግን የመዋሻ ካርዱን ያስረክባል፤ ወላጁም ይጠራል። ደንቡን ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ ነገር ግን በእጃችን ጽፈን ለኮምፒዩተሩ የሰጠነው እኛ ነን።

ፕሮግራሙ ከጥር እስከ ነሐሴ አንድም ስሕተት ሳይታይበት ሠራ። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ እትዬ ለብዙ ዓመት ሲጽፉበት የኖሩትን ወፍራም መዝገብ ሣጥን ውስጥ ከተው ቈለፉበት። እኛም እንደ ዐዋቂ ሰው ደረታችንን ነፍተን መሄድ ጀመርን።

በምዝገባው ሰሞን፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ዘጠነኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ የሒሳብ መጽሐፍ ተዋሰ። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ይዞት መጣ። ኮምፒዩተሩ «37 ቀን ቈይቷል፤ 22 ቀን አሳልፏል» ብሎ አወጣ። ልጁ ደነገጠና «ኧረ 12 ቀኔ ነው!» አለ። በጣቱም እየቈጠረ ሊያስረዳን ሞከረ። ከእኛ አንዱ (ማን እንደ ሆነ ክበቡ ያውቃል፤ ዛሬ ንግግሩን የሚያነበው ራሱ ነው) «ወንድሜ፣ ሰው ያዳላል እንጂ መኪና አያዳላም» አለው። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫንን፤ ሦስት ጊዜም 37 አለ። የልጁን ጣት ትተን የመኪናውን ቃል አመንን። ካርዱን አስረክቦ ሄደ፤ ለወላጁም ደብዳቤ ተጻፈ።

በሦስተኛው ቀን አባቱ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ የአረም ሥራቸውን ትተው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነበር። ልጃቸውን ከጎናቸው አቁመው ነገራችንን እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙ። አልተቈጡም። «መጽሐፉን የወሰደው መቼ ነው?» አሉ፤ ነገርናቸው። «የመለሰውስ?» አሉ፤ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣

«እንግዲያውስ ልጆቼ፣ በዚህ በመሣሪያችሁ ዘንድ ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?» ብለው ጠየቁን።

ፈገግ ብለን ተያየን። ሆኖም አንዱ ጓደኛችን ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዶ ጠየቀ። ኮምፒዩተሩም 30 ብሎ መለሰ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ክላስ የተባለውን ነገር መግለጽ ይኖርብናል። ክላስ ስንል የምንማርበትን ክፍል ማለታችን አይደለም። ክላስ ማለት አንድ ዐይነት ነገር ምን ምን እንደሚያውቅና ምን ምን ሥራ እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ጽሑፍ መሠረት የሚፈጠረው እያንዳንዱ ነገር ኦብጀክት ይባላል፤ ኦብጀክቱ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ሜተድ ይባላል። አንድ ክላስ ከሌላ ክላስ የተወለደ እንደ ሆነ የወላጁን ሜተዶች አንድም ቃል ሳይጽፍ ያገኛል። ይህ ውርስ ነው። ከወረሰው ውስጥ አንዱ ለእሱ ጠባይ የማይስማማ ቢሆን ያንኑ ሜተድ በዚያው ስም እንደ ገና በራሱ መንገድ ይጽፈዋል። ፈረንጆች ይህን ኦቨርራይድ ይሉታል፤ እኛ መሻር ብለነዋል። ስለዚህ ቃል በክበባችን ብዙ ክርክር ነበር፤ አንዳንዶቹ «መተካት ይሻላል» ብለው ነበር። እውነትም መሻር የሚለው ፍጹም አይስማማም፤ አዲስ አዋጅ የቀድሞውን ሲሽር ለሁሉ ሰው ነው፤ እዚህ ግን የወላጁ ሜተድ የተሻረው ለዚያ ልጅ ብቻ ነውና። በወላጁ ዘንድና ባልሻሩት ወንድሞቹ ዘንድ እንደ ጸና ይኖራል። ቢሆንም ቃሉ ኀይል ስላለው ወደድነው።

እኛ የጻፍነው በጃቫ ቋንቋ ነው። ወላጁን ክላስ «ዘመን_አቆጣጠር» አልነው። በውስጡ ሁለት ትንንሽ ሜተዶች አኖርን፤ አንደኛው በዓመት ስንት ወር እንዳለ ሲጠየቅ 12 ይላል፤ ሁለተኛው አንድ ወር ስንት ቀን እንዳለው ሲጠየቅ 30 ይላል። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት የሚቈጥረው ትልቁ ሜተድም እዚያው ወላጁ ውስጥ ነው፤ እሱም ሁለቱን ትንንሾች እየጠየቀ ይቈጥራል። ከዚህ ወላጅ ሁለት ልጆች ወለድን። አንደኛው የአውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጡት መጻሕፍት ሰነዳቸው በዚያ ስለሚጻፍ ያስፈልገን ነበር። ሁለተኛው የእኛው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የአውሮጳው ልጅ የወሩን ቀን ሽሮ ጃንዋሪን 31፣ ፌብሯሪን 28 ወይም 29 አለ። የኢትዮጵያው ልጅ ደግሞ የወሮቹን ብዛት ሽሮ 13 አደረገ፤ የወሩንም ቀን ሽሮ ጳጉሜንን 5 ወይም 6 ማድረግ ነበረበት። ነበረበት እንላለን፤ አላደረገምና።

ነገሩ አስቂኝም አሳፋሪም ነው። ጃቫ የሜተድን ስም በግእዝ ፊደል መጻፍን ይፈቅዳል፤ እኛም አገር ወዳድነት ተሰምቶን ስሞቹን ሁሉ በአማርኛ ጻፍን። ወላጁን የጻፈው ጓደኛችን ሜተዱን «ወርኃዊ_ቀኖች» ብሎ ሰየመው። የአውሮጳውንም ልጅ የጻፈው እሱ ስለ ሆነ አልተሳሳተም። የኢትዮጵያውን የጻፈው ሌላ ነበር፤ እሱ «ወርሃዊ_ቀኖች» ብሎ ጻፈ። ስንናገረው አንድ ነው፤ ሲነበብም ማንም አያስተውለውም። ለኮምፒዩተሩ ግን ኃ እና ሃ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ልጁ የወላጁን ሜተድ የሻረ መሰለው እንጂ አልሻረም። ከወረሰው ጎን ማንም የማይጠራው ሌላ ሜተድ አቆመ። ጳጉሜን 5 ቀን መሆኗን የሚያውቀው ሜተድ ከጥር ጀምሮ በዚያ ተቀምጦ ጠሪ ሲጠብቅ ነበር፤ ትልቁ ቈጣሪ ግን በወላጁ ስም ይጣራል፤ ያገኘውም የወላጁን 30 ነው።

(የአማርኛ መምህራችን በሀ፣ በሐና በኀ ምክንያት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሲቈጡን ኖረዋል። ይህን ታሪክ የሰሙ ቀን ምንም አልተናገሩም፤ ፈገግታቸውን ግን አንረሳውም።)

ኮምፒዩተሩ ስለ ምን ዝም አለ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በሱ ሕግ ጥፋት አልነበረምና ነው። አንድ ልጅ ወላጁ ያልነበረው አዲስ ሜተድ ቢጨምር የተፈቀደ ነው፤ የወረሰውን ሳይሽር ቢተውም የተፈቀደ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ያሰብነው ግን ሌላ ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች ሁሉ 30 ስለ ሆኑ የወላጁ መልስ ለእነርሱ እውነት ሆኖ ቈየ፤ ስሕተቱም አሥራ ሦስተኛዋ ወር እስክትመጣ ድረስ ተደብቆ ኖረ። እኛ በዓመቱ ውስጥ የትኛውን ቀን ብንመረምር ኖሮ ይገኝ ነበር? ያችኑ የናቅናትን ወር ብቻ። የሩቁን የአውሮጳ አቆጣጠር ለዘለለ ዓመት ሳይቀር መርምረን የቤታችንን ሳንመረምር አለፍን፤ «ይህንማ ማን ያጣዋል» ብለን።

እንግዲህ መሻር ኀይል የሚያገኘው ጠሪው ማን እንደሚመልስለት ሳያውቅ ስለሚጠራ ነው። አንድ ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ በዚያ ቤት ያለው በራሱ ድምፅ «ማነው?» ይላል፤ ጠሪው ቤቱን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም። የእኛም ቈጣሪ «የወሩ ቀን ስንት ነው?» ብሎ ሲጣራ፣ ከፊቱ ያለው ኦብጀክት የአውሮጳ ከሆነ የአውሮጳው ይመልሳል፤ የኢትዮጵያ ከሆነ የኢትዮጵያው ይመልሳል። ማን እንደሚመልስ የሚቈረጠው ፕሮግራሙ በሚጻፍበት ጊዜ ሳይሆን በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ ነገ የግብጽን ወይም የሌላ አገርን አቆጣጠር ብንጨምር ቈጣሪውን መንካት አያስፈልገንም። ልጁ የራሱን መልስ ይዞ ይመጣል፤ ያም ይበቃል።

ይህን ዘዴ ያመነጩት ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት ናቸው፤ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር ይባላሉ። በኦስሎ ከተማ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማእከል ሲሠሩ ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. አቀረቡ። ያስቸገራቸውም እንደኛው የመቍጠርና የመሰለፍ ነገር ነበር፤ በአንድ ድልድይ አፋፍ ቀረጥ ለመክፈል የተሰለፉትን የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች በኮምፒዩተር ለመምሰል ቢፈልጉ፣ ሁሉም ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። የጋራውን ለወላጅ፣ የተለየውን ለልጅ መስጠት የሚለው አሳብ በዚህ መንገድ መጣ። ሁለቱም የ2001 ዓ.ም.ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለው በተከታዩ ዓመት በ2002 በጥቂት ሳምንት ልዩነት ዐረፉ። ከእነርሱ በኋላ ስሞልቶክ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ፓይተን ይህንኑ ተቀበሉ።

ከውርደታችን በኋላ «ታላላቆቹ ይህን እንዴት ሠሩት?» ብለን ፍለጋ ጀመርን። አይ ሲ ዩ የተባለ የፕሮግራም ስብስብ አለ፤ ብዙ ኮምፒዩተሮችና የእጅ ስልኮች የየአገሩን ቀንና ቁጥር በትክክል ለማሳየት ይጠቀሙበታል፤ ዛሬ የሚጠብቀውም የዩኒኮድ ማኅበር ነው። በውስጡ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ክላስ ሆኖ ተቀምጧል። ባየነው ጊዜ በእውነት ተደነቅን።

ከላይ የሁሉ ወላጅ የሆነ ካሌንደር የሚባል ክላስ አለ። ከሱ በታች «ሲ ኢ ካሌንደር» የሚባል መካከለኛ ወላጅ አለ፤ ከሱም ሁለት ልጆች ይወለዳሉ፤ አንደኛው የግብጽ ቅብጦች አቆጣጠር፣ ሁለተኛው የእኛ ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ዐሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወሮችና አንዲት ባለ 5 ወይም ባለ 6 ቀን ወር አሏቸው፤ አዲስ ዓመታቸውም በአንድ ቀን ይውላል። ስለዚህ የወሮቹ ስሌት በመካከለኛው ወላጅ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፤ ልጆቹ አይደግሙትም። ልዩነታቸው ዓመቱን ከየት እንደሚጀምሩ ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጀምረው አንድ በአንድ የሚቈጥሩት የዩልዮስ ቀን የሚባል ቍጥር አለ፤ በዚያ ቍጥር የቅብጦቹ ልጅ መነሻው 1824665 ሲሆን የኢትዮጵያው ልጅ መነሻው 1723856 ነው። በመካከላቸው ያለው 100809 ቀን ነው፤ ይህንን ለ365 ከሩብ ብታካፍሉት ልክ 276 ዓመት ይወጣል። እውነትም የእኛ 2018 በቅብጦች ዘንድ 1742 ነው። ዓመተ ዓለምን መቍጠር ቢያስፈልግ ደግሞ መነሻውን 5500 ዓመት ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው። የአንድ አገር አቆጣጠር ከሌላው የሚለይበት ነገር እንዲህ በአንድ ቍጥር ሲገለጽ አይተን አናውቅም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ይህ ነው፤ መካከለኛው ወላጅ የመነሻውን ቍጥር «ካልነገራችሁኝ ይህን ውሰዱ» ብሎ አልሰጠም። ቦታውን ባዶ ትቶ ስሙን ብቻ ጽፏል። እንዲህ ያለው ሜተድ አብስትራክት ይባላል፤ ልጁ ሳይሞላው ቢቀር ኮምፒዩተሩ ልጁን አይቀበለውም። እኛ ግን ለሁሉ ወር 30 ብለን ሰጠን። ለጋስነት መስሎን ነበር። የወሩን ቀን ባዶ ትተነው ቢሆን ኖሮ ያች ኃና ያች ሃ በመጀመሪያው ቀን በተጋለጡ ነበር። ወላጅ ለልጁ ሁሉ ይሁን ብሎ የሚያወርሰው መልስ ለአንዱ ልጅ ሐሰት ሊሆን የሚችል ከሆነ ባዶውን ቢተወው ይሻላል፤ ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ በክበባችን የማይስማሙ ሁለት አሉ።

ሁለተኛም መድኀኒት አለ። ጃቫ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ያልነበረው፣ በ2004 ዓ.ም. የመጣው «ኦቨርራይድ» የሚል ምልክት ነው። ከሚሽረው ሜተድ ራስ ላይ ይጻፋል፤ ትርጕሙም «ከዚህ በታች ያለው አዲስ አይደለም፤ የወላጄን መሻሬ ነው» ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ይህን አንብቦ ወደ ወላጁ ይሄዳል፤ በዚያ ስም የሚሻር ነገር ቢያጣ ሥራውን ያቆማል። ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ ይህን ከመጀመሪያው ግዴታ አድርጎታል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ በ2011፣ ፓይተንም በ2023 እንደ ፈቃድ አገኙት። በጃቫም ግዴታ አይደለም። እኛ ምልክቱን እናውቀው ነበር፤ ከመጽሐፍ ተምረነዋል። ያልጻፍነው ጽሑፉን ያበዛብናል ብለን ነው። አንድ ቃል ለመቈጠብ ብለን አንድ ገበሬ ከአረም ሥራቸው አስነሣን።

ስሙን በትክክል የጻፉ ሁሉ ግን ከስሕተት የዳኑ አይምሰላችሁ። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ጥፋት ሠርተን ነበርና እሱንም እንናዘዛለን። «መጽሐፍ» የሚባል ክላስ ነበረን፤ «ተዋስ» የሚል ሜተድ አለው። መዝገበ ቃላትና አትላስ ከቤተ መጻሕፍት አይወጡም፤ ስለዚህ «የማጣቀሻ_መጽሐፍ» የሚል ልጅ ወልደን ተዋስን ሻርነው፤ በአዲሱ ሜተድ «አይቻልም» ብሎ ስሕተት እንዲያነሣ አደረግነው። ፊደሉ ትክክል ነበር፤ ምልክቱም በኋላ ተጨመረበት፤ ኮምፓይለሩም ደስ ብሎት ተቀበለው። አንድ ቀን መምህራችን ለክፍላቸው 40 መጻሕፍት ባንድ ጊዜ እንዲመዘገቡ አዘዙ። በዝርዝሩ መካከል በስሕተት የገባ አንድ መዝገበ ቃላት ነበር። ፕሮግራሙ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «አይቻልም» ተባለና ቆመ። የቀሩት መጻሕፍት ሳይመዘገቡ ለተማሪዎች ታደሉ፤ እትዬም በዚያ ምሽት ወፍራሙን መዝገብ ከሣጥን አውጥተው በእጃቸው ሲጽፉ አመሹ።

ጥፋቱ ከማን ነው? ብለን ሌሊቱን ተከራከርን። ዝርዝሩን የሚያስኬደው ሜተድ የጠራው መጽሐፍን ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ «ተዋስ ብትሉኝ እዋሳለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ልጁ የወላጁን ስም ይዞ ቀረበ፤ የወላጁን ቃል ግን አፈረሰ። አሜሪካዊቷ ሊቅ ባርባራ ሊስኮቭ ይህንኑ ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር አስረድተውት ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ከጄኔት ዊንግ ጋር ሆነው በሒሳብ አጸኑት፤ እሳቸውም የ2008 ዓ.ም.ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። አሳባቸው በአጭሩ ሲነገር፣ ወላጁ በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ልጁ ቢቀመጥ ጠሪው ሊደነግጥ አይገባውም ማለት ነው። የወላጁን አሠራር መሻር ይፈቀዳል፤ የወላጁን ቃል ኪዳን መሻር አይፈቀድም። ልጁ ከወላጁ የበለጠ ቢሰጥ መልካም፤ ያነሰ ቢሰጥ ግን ቀድሞውኑ ልጁ ባይሆን ይሻለው ነበር። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ከዚያ ቤት አወጣነው። መጽሐፍ የሚለው ክላስ ስለ መዋስ ምንም ቃል እንዳይሰጥ አደረግንና «ተዋሽ_መጽሐፍ» የሚል ሌላ ልጅ ወልደን ቃሉን ለሱ ብቻ አወረስን። አሁን መዝገበ ቃላቱን ለማዋስ የሚሞክር ፕሮግራም ገና ሲጻፍ ይከለከላል።

ስለ ሦስተኛው ዐይነት ወጥመድ ባጭሩ እንናገራለን፤ እኛን አልያዘንም፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ከታተመው የጆሹዋ ብሎክ መጽሐፍ ያነበብነው ነው። በጃቫ ውስጥ ሃሽሴት የሚባል ዕቃ ማጠራቀሚያ ክላስ አለ፤ አንድ ዕቃ የሚጨምር ሜተድና ብዙ ዕቃ ባንድ ጊዜ የሚጨምር ሜተድ አለው። አንድ ሰው የገባውን ሁሉ ለመቍጠር ፈልጎ ሁለቱንም ቢሽር፣ በሁለቱም ውስጥ ቍጥር ቢጨምር፣ ከዚያም በሱፐር አማካይነት ሥራውን ለወላጁ ቢያስተላልፍ፣ ሦስት ዕቃ ሲያስገባ ስድስት ይቈጠርለታል። የወላጁ ብዙ ጨማሪ በውስጥ አንዱን ጨማሪ ይጠራልና፤ ያም ተሽሯልና ወደ ልጁ ይመለሳል። ከውጭ ለሚያይ ይህ ሁሉ የተሰወረ ነው። የሌላውን ቤት የውስጥ አሠራር ሳያውቁ የአንዱን ክፍል ግድግዳ ማፍረስ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል፤ ብሎክም ለውርስ ተብሎ ያልተሠራን ክላስ ከመውረስ መከልከል ይሻላል ብለው የመከሩት ስለዚህ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። አባቱ ከሄዱ በኋላ በጳጉሜን ላይ ያለፉትን ብድሮች ሁሉ አንድ በአንድ መረመርን። እንደሱ የተፈረደባቸው ሌሎች አራት ተማሪዎች ተገኙ። ከእነርሱ አንዳቸውም አልተከራከሩም ነበር። አንዲቱን እኅታችንን ጠርተን «ለምን ዝም አልሽ?» ብንላት «ኮምፒዩተር ካለ እኔ ነኝ ቀኑን የረሳሁት ብዬ ነው» አለችን። ይህ መልስ ከደብዳቤውም ከካርዱም ይልቅ አስጨነቀን፤ ትክክል የነበረች ልጅ ራሷን እንድትጠራጠር ያደረገው የእኛ አንዲት ፊደል ናትና።

በማግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ጊዜ በሰልፉ ፊት ቆመን ጥፋቱ የክበቡ መሆኑን ተናገርን፤ ካርዶቹም ተመለሱ። ለአባቱ ደብዳቤ ጻፍን። ልጁም ካርዱን ሲቀበል ከክበባችን መግባት እንደሚፈልግ ጠየቀ፤ ማን ይከለክለዋል? የሰጠነው የመጀመሪያ ሥራ ጳጉሜንን መመርመር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለት በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ቀጥሎ ያለው እንዲህ ያለ ዓመት 2019 ነው። ከነሐሴ 28 ቀን እስከ መስከረም 5 ቀን በዚያ ዓመት 13 ቀን መውጣት አለበት። ልጁ ይህን የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ለ2003፣ ለ2007፣ ለ2011ና ለ2015 ሞክሮታል፤ ሁሉም 13 ብለዋል። የጻፈውን ሁሉ ግን በመኪናው ብቻ አላመነም፤ መልሱን እያንዳንዱን ጊዜ በጣቱ እየቈጠረ ሲያረጋግጥ አይተነዋል።

የ2019 ጳጉሜን በምትመጣበት ጊዜ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ግቢ አንገኝም። እሱ ግን ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሊጀምር ይሆናልና መስከረም 1 ቀን ጧት ቤተ መጻሕፍቱን ከእትዬ ጋር የሚከፍተው እሱ ነው። ቁልፉን ትናንት አስረክበነዋል።